መሪ ውሻ ይዞ ከቨርጂኒያ ደሴ፦ አየር መንገድ ይፈቅዳል?

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ታላቅ እህቴ ዐይነ ስውር ናት። የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዜግነቷም አሜሪካዊ ነው። የምትንቀሳቀሰው በመሪ ውሻ ነው፤ ትልቅ ላብራዶር። ለታናሽ ወንድማችን ሠርግ ልትመጣ አስባለች። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን። ዘመዱ ሁሉ «ውሻ ከሻንጣ ጋር ነው የሚጫነው፣ ብዙ ብርም ያስከፍላል» እያለ ግራ አጋባን። እውነት ነው? ሲመለሱስ ችግር አለው? እናታችን ደግሞ «ውሻ ቤቴ ገብቶ አያውቅም» ብላ ከአሁኑ ጭንቅ ላይ ናት። የምታውቁ ንገሩኝ።

የወረኢሉው (አትላንታ)

አብሽር ወንድሜ። እኔ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ነው የምገፋው፤ መሪ ውሻ የያዘ መንገደኛ አዘውትሬ አያለሁ። ዘመዶችህ የሚሉት ስለ ተራ የቤት ውሻ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለአካል ጉዳተኛ የሰለጠነ ውሻ ከባለቤቱ ጋር ካቢን ውስጥ፣ ያለ ክፍያ ይሂድ ይላል። ከአሜሪካ የሚነሳና አሜሪካ የሚያርፍ የውጭ አየር መንገድ በረራንም ይይዛል። ስለዚህ እስከ አዲስ አበባ ችግር የለም።

ድሮ ነገሩ ልቅ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ፒኮክ (ጣዎስ የሚባለውን ወፍ) «መንፈሴን ታረጋጋልኛለች» ብላ ኤርፖርት ይዛ የመጣች ሴት ነበረች፤ ዓለም ስቆባታል። ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚቆጠረው ውሻ ብቻ ነው፤ ያውም ለአካል ጉዳቱ የሚጠቅም ሥራ የሰለጠነ። በዝርያው ምክንያት ብቻ መከልከል አይቻልም።

አየር መንገዱ ሁለት ፎርም ሊጠይቃት ይችላል። አንዱ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣው ነው፤ የውሻውን ጤና፣ ሥልጠናና ጠባይ ፈርማ የምታረጋግጥበት። ሌላው 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚፈጅ በረራ ነው። ውሻው መንገድ ላይ አይጸዳዳም፣ ቢጸዳዳም ሌላውን ሰው በማያውክ መንገድ ነው የሚል። የእህትህ በረራ ረጅም ስለሆነ ሁለቱንም ታዘጋጅ። 48 ሰዓት አስቀድመው እንዲላኩ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ከዚያ በፊት ታድርሳቸው። ውሻው የሚተኛው እግሯ ሥር ነው፤ መተላለፊያ መዝጋት የለበትም። ትልቅ ስለሆነ ስለ ቦታው ትኬቱ ሲቆረጥ ታንሳላቸው።

ቼክ ኢን ላይ ቢያስቸግሯት «ሲአርኦ ጥሩልኝ» ትበል። የአካል ጉዳተኛ መንገደኞችን ቅሬታ የሚፈታ ሰው ነው፤ አየር መንገዱ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ይቺን ባለማወቅ ስንቱ ሲንገላታ አያለሁ!

የእንስሳት ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

ስለ መምጫው በደንብ ተነግሮሃል። ዋናው ጣጣ ግን መመለሻው ላይ ነው። የአሜሪካው ሲዲሲ (የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ኢትዮጵያን የውሻ እብደት በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች መድቧታል። መሪ ውሻ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ያለውና ጤነኛ መሆን አለበት፤ የሲዲሲ የመግቢያ ፎርምም በኢንተርኔት ይሞላለታል።

ውሻው የተከተበው አሜሪካ ስለሆነ፣ የክትባት ማረጋገጫውን የእንስሳት ሐኪሟ ይሞላላታል፤ ከዚያ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ያጸድቀዋል። ይሄ ከመነሳቷ በፊት ማለቅ አለበት። እዚህ ከመጣች በኋላ ከደሴ ሆኖ የሚሠራ ወረቀት አይደለም። ያለዚያ እንደ ውጭ አገር ክትባት ይቆጠርና የደም ምርመራ፣ በተፈቀደ ማቆያ ቦታ መያዝ፣ የደሙ ውጤት ከሌለ ደግሞ 28 ቀን ኳራንቲን ይመጣል። የክትባቱ ጊዜም እስክትመለስ እንዳያልቅ ቀኑን እዩት።

ወደ እኛ ለመግባትም የጤና ሰርተፍኬትና የክትባት ማስረጃ ትያዝ። ግብርና ሚኒስቴርን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እዚህ ያለኸው አንተ ስለሆንክ አንተ ብትሄድ ይቀላል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ማንም አልነገረንም ነበር። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻስ?

የወረኢሉው

የአሜሪካው ሕግ አዲስ አበባ ላይ ያበቃል። የአገር ውስጡ በረራ የአየር መንገዱ የራሱ ደንብ ነው። ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ውሻው ንገሯቸውና ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ «ችግር የለውም» ያለህ ሰው በበረራው ቀን ላይኖር ይችላል።

ባለ ነጭ በትር (ደሴ፣ አራዳ)

እኔም ዐይነ ስውር ነኝ። ውሻውን እዚያው ትተወው የሚላችሁን አትስሙ፤ መሄጃዋ ነው። ግን በትሯንም ትያዝ። ውሻው የለመደው ጥርት ያለ የእግረኛ መንገድ ነው። እዚህ ክዳን የሌለው ቦይ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ አስፋልት ዳር የተዘረጋ ሽንኩርትና ጫማ አለ። የሰፈር ውሻ ደግሞ ሲመሽ በመንጋ ነው የሚወጣው። ማታ ማታ ውሻውን ለመጸዳጃ ስታወጣው አንድ ሰው አብሯት ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንተ ክንድህን ስጣት፣ ውሻው ጎን ለጎን ይከተል።

የሐይቋ እናት

ልጄ፣ እናትህን አይዞሽ በላት። እኛ ሙስሊሞቹ እንኳ ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝ እንደተፈቀደ እናውቃለን፤ ይሄ ደግሞ ሰው የሚመራ ነው። ምራቁን ነው የምንጠነቀቀው። የራሱ ምንጣፍና የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ጓዳ አይግባ፣ መስገጃም ካለ ይራቅ። በሠርጉ ቀን ግን ሕፃናቱን ያዙልኝ! አጥንት እንዳይወረውሩለት፣ «ና! ና!» እያሉም እንዳይጠሩት። ሥራ ላይ ያለ ውሻ ሐሳቡ ከተበተነ የምትደናቀፈው እሷ ናት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

እማማ፣ ያኑርልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት፤ ምንጣፉን እኔ እመርጣለሁ ብላለች። የፎርሞቹንም ነገር ለእህቴ ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ። አንዲት ነገር ቀረችኝ፦ ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ደሴ በሚኒባስ ይሆናል?

ባለ ነጭ በትር

ሚኒባሱን እርሳው። ረዳቱ ውሻውን ገና ሲያይ በሩን ይዘጋዋል። ኮንትራት ያዙ፤ ሹፌሩም ትልቅ ውሻ እንዳለ ከዋዜማው ይወቅ።