የዴቪስ ዋንጫ፦ በገንዘብ የተገዛ ስም ወይስ በራኬት የተገኘ?

አወያይ፦ ድዋይት ዴቪስ የሴንት ሉዊስ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ፣ በሀርቫርድ የተማረ አማተር፣ ማለትም ያለ ክፍያ የሚጫወት፣ የቴኒስ ተጫዋች ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 በራሱ ገንዘብ የብር ዋንጫ አሠርቶ ለአገሮች ውድድር አበረከተ። ዋንጫው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይገባዋል?

ባለራኬት፦ አይገባውም። ዋንጫውን የሰጠው እርሱ፣ የአሜሪካን ቡድን አምበል ሆኖ የመራው እርሱ፣ ያሸነፈውም እርሱ! የዘመኑ ቁንጮ የነበሩት እንግሊዛውያኑ የዶኸርቲ ወንድማማቾች ደግሞ በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ውድድር ወደተካሄደባት ቦስተን አልመጡም።

ግራ እጅ፦ ገንዘብ ሰርቭ፣ ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት፣ አይመታም፣ ወንድሜ። ከሆልኮምብ ዋርድ ጋር የአሜሪካን የጥንድ ሻምፒዮና ከ1899 እስከ 1901 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። በቦስተን እንግሊዞቹን ግራ ያጋባቸውም ከነጠረ በኋላ የሚጠመዘዘው ሰርቫቸው ነው። ውጤቱ 3 ለ 0!

ባለራኬት፦ ዶኸርቲዎቹ ሲገጥሟቸውስ? በ1901 በዊምብልደን የጥንድ ፍጻሜ፣ በ1902 ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ በብሩክሊን ተሸነፉ። ጎበዝ መሆኑን አልካድሁም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ደንብ ቴኒስ አስተምሮ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ከአማተሮች ውድድር ይታገድ ነበር። በጋውን ሙሉ ከክለብ ክለብ እየተዘዋወረ በነጻ የሚጫወት ማን ነው? አባቱ ያለው!

ታዛቢ፦ ሁለታችሁም ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ዴቪስ ከ1911 እስከ 1915 የሴንት ሉዊስ መናፈሻዎች ኃላፊ ሆኖ የክለብ አባልነት ለሌለው ሕዝብ የቴኒስ ሜዳ አሠርቷል። በኋላ የጦር ሚኒስትርም፣ የፊሊፒንስ አገረ ገዥም ሆነ፤ ለእኔ ግን ሜዳዎቹ ይበልጣሉ።

ባለራኬት፦ ሜዳው ተሠራ እንበል፤ ውድድሩስ? ጥቁር ተጫዋቾች በ1916 የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በር ስለተዘጋባቸው ነው። ጥቁሯ ተጫዋች አልቲያ ጊብሰን በአሜሪካ ሻምፒዮና እንድትጫወት የተፈቀደላት በ1950 ነው! በክፍያ የሚጫወቱትም እስከ 1968 ድረስ ከታላላቆቹ ውድድሮች ውጭ ነበሩ።

ግራ እጅ፦ የአንድን ሥርዓት በደል ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አትከምሩት። ስሙን ገዛ ማለትም ሐሰት ነው። ሲያበረክተው ዋንጫው የእርሱን ስም አልያዘም፤ የሜዳ ቴኒስ ዓለም አቀፍ ዋንጫ ነበር የሚባለው። የዴቪስ ዋንጫ ያሰኙት ሌሎች ናቸው።

ባለራኬት፦ እሺ፣ ስሙን አልገዛም። ተፎካካሪዎቹን የመረጠለት ግን ያው የገንዘብ ደንብ ነው፤ እስካሁን ለዚህ አልመለስህልኝም።