ዋራቢሞቺ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ለምን ይደርቃል?

ሻይ ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በጃፓን የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ከሰፈር የዋጋሺ (የጃፓን ባህላዊ ጣፋጭ) ሱቅ ስለሚገዙ ጣፋጮች ነው። ዋራቢሞቺ (እንደ ጄሊ ያለው ለስላሳ ጣፋጭ) ሲገዛ ጥርት ያለና የሚለመጥ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ግን ነጣ ይልና ይጠጥራል። ሚዙ ዮካን (ከአዙኪ፣ ከትናንሽ ቀይ ባቄላ፣ የሚሠራው የረጋ ጣፋጭ) እዚያው አጠገቡ አድሮ ምንም አይሆንም። ለምን? ማታ ገዝቶ ጠዋት ለእንግዳ ማቅረብስ ይቻላል?

ኪናኮ፦
ያረጋቸው ነገር ይለያያል። ዋራቢሞቺ ስታርች ነው፤ ሚዙ ዮካንን የሚያረጋው ግን ከባሕር ሣር የሚወጣው ካንተን ነው። ስታርች በውሃ ሲበስል አብጦ ጥርት ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ መልሰው ይጠጋጉና ውሃውን ገፍተው ያስወጡታል። የቡላ ገንፎ ሲያድር የሚሆነውን አስበው። ይህ ደግሞ በጣም የሚፈጥነው ከ0 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ማለትም ልክ በፍሪጅ ሙቀት ነው።

ስለዚህ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ ይቀመጥና ሊበላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቀረው ፍሪጅ ይግባ። ኪናኮው (የተቆላው የአኩሪ አተር ዱቄት) እና ኩሮሚትሱው (የጥቁር ስኳር ሽሮፑ) ለብቻቸው ታሽገው ከመጡ ሰሃን ላይ ሳይቀርብ አትክፈታቸው። ቀድሞ የተነሰነሰ ኪናኮ እርጥበት ስቦ ጭቃ ይሆናል።

ማታ ገዝቶ ጠዋት አይሆንም። ማሸጊያው ላይ «ሆንጂትሱ-ቹ» ካለ ዛሬውኑ ይበላ ማለት ነው።

የኩዙ ሥር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ ዋራቢሞቺ ስለሆነ ብቻ ከዋራቢ (ከፈርን ሥር) ስታርች ተሠራ ማለት አይደለም። እውነተኛው ዱቄት ውድ ስለሆነ አብዛኛው የሚሠራው ከስኳር ድንች ወይም ከታፒዮካ ስታርች ነው። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር አንብቡ፤ ቀድሞ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። እውነተኛው ወደ ቡኒ ያደላል፤ እንደ ውሃ ጥርት ያለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ስታርች ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከማቀዝቀዣ የሚሸጠው የማይጠጥረው «ካኮ ደንፑን»፣ ማለትም የተቀነባበረ ስታርች ስላለበት ነው። ያ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ግድ የለም።

ከኩዙ (ከአንድ ሐረግ ሥር ከሚወጣ ስታርች) የሚሠራው ኩዙማንጁም ያው ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ይነጣል። በኪዮቶ ጁን 30 የሚበላው ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሚናዙኪም ከላይ አዙኪ የተደረደረበት ኡይሮ (በእንፋሎት የሚበስል የዱቄትና የስኳር ጣፋጭ) ስለሆነ ብርድ ያጠጥረዋል።

ሻይ ወዳድ፦
አመሰግናለሁ። የጠጠረውን ማዳን ይቻላል? ሚዙ ዮካን ቤት ሲሠራ ሁለት ንብር ሆኖ የሚለያየውስ ለምንድን ነው?

ኪናኮ፦
ኪናኮ ያልነካው ከሆነ እስኪጠራ ድረስ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከርና ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ ይግባ። ይለሰልሳል፤ እንደ መጀመሪያው ግን አይሆንም።

ካንተን፦
የሚለያየው ትኩሱን ስለሚያፈሱት ነው። መጠኑ፦ 4 ግራም የካንተን ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 400 ግራም ኮሺአን (ቅርፊቱ ወጥቶ የተፈጨ ጣፋጭ አዙኪ)፣ ቁንጥር ጨው። ካንተኑ ከፈላ በኋላ እየተማሰለ 2 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ካልፈላ አይሟሟምና ሳይረጋ ይቀራል። ስኳሩና ኮሺአኑ ከገቡ በኋላ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጦ ማማሰል ነው፤ 50 ዲግሪ ገደማ ሲደርስና ወፈር ሲል ይፈሳል። ገና ቀጭን ሳለ ከተፈሰሰ አዙኪው ይዘቅጣል። ወደ 40 ከወረደ ደግሞ ድስቱ ውስጥ መርጋት ይጀምርና ይጓጉላል፤ ያኔ እንደገና ማፍላት ነው።

አንዴ የረጋ ካንተን 80 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም። ጄላቲን ግን በሐምሌ ሙቀት ቤት ሳይደርስ ይፈሳል። ሚዙ ዮካኑ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ፤ ሲቀልጥ ውሃው ተለይቶ ይወጣል። ስኳሩ ጥቂት፣ ውሃው ብዙ ስለሆነም እንደ ኔሪ ዮካን (ስኳር የበዛበት ጠጣሩ ዮካን) ለወራት አይቆይም፤ ቤት የተሠራው በ2 ቀን ይለቅ።

የሙቀት ወራት ጣፋጭ ነው ቢባልም በጃፓን ፉኩይ አውራጃ ውስጥ ሚዙ ዮካን የሚበላው በብርድ ነው፤ ቤት ውስጥ ሙቀት መስጫ አጠገብ ተቀምጦ።