ናፍጣ ከፓስቲ ዘይት፦ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አወያይ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም የጎጃም ልጆች። የዚህ ሳምንት ክርክር የመጣው ከደምበጫ ነው። አንድ የወፍጮ ባለቤት ወንድማችን ከምግብ ቤት ያገለገለ ዘይት እየሰበሰበ ለወፍጮው ነዳጅ ይሠራል። ጎረቤቶቹ "ለእኛም ሽጥልን" ይሉታል። የአካባቢው ሹም ደግሞ "አቁም" ብሎታል። እንዲህ ያለ የቤት ነዳጅ ይፈቀድ ወይ? መንግሥትስ ለአየር ንብረት ብሎ ፖሊሲ ሲያወጣ ይህን ቢደግፍ ይሻላል ወይስ ሌላ ነገር? ስድብ የለም። ወደ ፖለቲካ የሚገባውን አስወጣለሁ፣ ታውቁኛላችሁ።

ደምበጫ ወፍጮ፦ ባለጉዳዩ እኔ ነኝ፣ ልጀምር። ሳይንቲስት ልሁን ብየ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ናፍጣ የለም። ሲከፈት ደግሞ በጄሪካን የሚሸጠው ዋጋው አይቀመስም። እናቶች እህል ተሸክመው መጥተው "ነዳጅ የለም" ማለት ይከብዳል።

አሠራሩ ይሄ ነው። ከሆቴልና ከፓስቲ ጠባሾች ዘይት እገዛለሁ። በነጠላ ቁራጭ አጠልለዋለሁ። ውሃው እስኪተን አሞቀዋለሁ። ሲበርድ ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ ገብቶበት ይማሰላል። አድሮ ሲታይ ከሥር ጥቁር ቡናማ ወፍራም ነገር፣ ከላይ እንደ ጠጅ የጠራ ይሆናል። የላዩን ቀድቼ በውሃ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ ከናፍጣ ጋር እኩል በእኩል ደባልቄ ሞተሩን አስነሳለሁ። ሰፈሩ ፓስቲ ፓስቲ ይሸታል እንጅ ጭሱ ቀንሷል። ማን ተጎዳ?

ሸገር ነኝ (የቢቡኝ ተወላጅ)፦ ጎበዝ! ይሄ ነው መላ ማለት። መሸለም ሲገባው ጭራሽ አቁም ይባላል?

መምህር (ኬሚስትሪ፣ ፍኖተ ሰላም)፦ አያ ወፍጮ፣ አሠራርህን አደንቃለሁ። ግን ሜታኖሉን የት ነው የምታስቀምጠው?

ደምበጫ ወፍጮ፦ መጋዘን ውስጥ፣ በሃይላንድ።

መምህር፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ሜታኖል ሲያዩት ውሃ፣ ሲያሸቱት አልኮል ነው። ጥቂት ጉንጭ ከጠጡት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በውሃ ሃይላንድ የተቀመጠ ሜታኖል ባለበት ግቢ ውስጥ ልጅ አለ፣ የሚጠጣ ሰው አለ፣ የተጠማ ሠራተኛ አለ። በዚያ ላይ የሚፈላው 65 ዲግሪ ላይ ሳይደርስ ነው። ዘይቱን ከ55 ዲግሪ በላይ አሙቀህ ከጨመርክበት ትነቱ ቤቱን ይሞላል፣ ያኔ አንድ ክብሪት ይበቃል። ቴርሞሜትር አለህ?

ደምበጫ ወፍጮ፦ በእጄ ነው የምለካው መምህር።

መምህር፦ በል እንግዲህ። ሹሙ አቁም ያለህ ለምን እንደሆነ ባላውቅም፣ እኔ ብሆን በዚህ ምክንያት አስቆምህ ነበር።

የአረቄ ቤት ልጅ፦ ኧረ መምህር ቀላል መንገድ አለ እኮ። ሜታኖል ምን ያደርጋል? የጎጃም ዳግም አረቄ እያለ! እናቴ ትሥራለት።

መምህር፦ 😄 አረቄ ከግማሹ በላይ ውሃ ነው። ውሃ ያለበት አልኮል ከኮስቲክ ሶዳና ከዘይት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ነዳጅ አይደለም፣ ሳሙና ነው። ዳግም ብታደርገው፣ ሦስቴ ብታጣራው፣ በማጣራት ብቻ ከ96 በመቶ አያልፍም። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ደግሞ 99 ምናምን ነው። አረቄውን ለበዓል አቆዩት።

ባለ ኑጉ (ቡሬ)፦ ነገሩ በፓስቲ ዘይት ብቻ ለምን ይታጠራል? ያገለገለ ዘይት ስንት ሊትር ይገኛል? ጎጃም የኑግ አገር ነው። ጉሎውም በየአጥሩ በቅሏል። መንግሥት "ለነዳጅ አምርቱ" ቢለን፣ መጭመቂያ ቢሰጠን፣ ናፍጣ ከውጭ ባልለመንን ነበር። ዶላር ይተርፋል፣ አየሩም ይድናል።

መምህር፦ ይሄን እስኪ በቁጥር እንየው። ኑግ በሄክታር 10 ኩንታል ካወጣ ጎበዝ ገበሬ ነው። እኔ 8 ልበል። በሰፈር መጭመቂያ ከ100 ኪሎ 30 ኪሎ ዘይት ቢወጣ 240 ኪሎ ነው፣ ወደ 260 ሊትር። አንድ መካከለኛ የወፍጮ ሞተር በሰዓት ወደ 3 ሊትር ይበላል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ያንን ሁሉ ዘይት በ11 ቀን ይጨርሰዋል። የአንድ ሄክታር የዓመት ምርት! በዚያ መሬት ላይ ጤፍ ወይም በቆሎ ቢዘራ ስንት ቤት ይበላል?

ባለ ኑጉ፦ ፋጉሎውን ረሳኸው። የኑግ ፋጉሎ ለከብት ነው። ዘይቱ ብቻ አይደለም ትርፉ።

መምህር፦ እሱ ልክ ነህ። የጉሎ ፋጉሎ ግን መርዝ ነው፣ ከብት እንዳታበሉት። የጉሎ ዘይትም በጣም ወፍራም ስለሆነ ብቻውን ሞተር ያስቸግራል።

የቡሬዋ ነጋዴ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኛ የምንበላው ዘይት አጥተን ነዳጅ ልናደርገው? ቡሬም ማርቆስም በ2013 ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፣ እልል ብለን ነበር። አሁንም ገበያው ላይ ያለው ፓልም ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

ሸገር ነኝ፦ እስማማለሁ፣ ለምግብ የሚሆነው አይነካ። ጉሎና ጃትሮፋ (ፍሬው ዘይት የሚሰጥ ቁጥቋጦ) በጠፍ መሬት ቢተከልስ?

ባለ ታሪኩ (ባህር ዳር)፦ ይሄ ሐሳብ እኮ ተሞክሯል ወንድሜ። በ2000 ዓ.ም ገደማ የባዮፊውል (ከተክል የሚሠራ ነዳጅ) ስትራቴጂ ወጥቶ ነበር። የውጭ ኩባንያዎች "ጠፍ መሬት" እየተባለ ሰፊ ቦታ ወሰዱ። ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ የጉሎው እርሻ ከባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ጋር ተጋጭቶ ስንት ተባለ። ወላይታም ገበሬው ጉሎ ዝራ ተብሎ ዘርቶ የጠበቀውን ሳያገኝ ቀረ። ጠፍ የሚባለው መሬት ላይ ሁልጊዜ አንድ የሚግጥ ከብት አለ።

ደህና የሄደው የፊንጫው ነበር። ከአባይ ማዶ የስኳር ፋብሪካው ከሞላሰስ (ስኳሩ ሲወጣ ከሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ) ኢታኖል የሚባለውን አልኮል ያወጣ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ይደባለቅ ጀመር፣ በኋላ 10 ደረሰ። ሞላሰስ ተረፈ ምርት ነው፣ ከማንም አፍ አልተቀማም። እሱም ግን አልዘለቀም፣ ተቋረጠ። እኔ የምለው፣ የሚያዋጣው ከትርፍራፊ የሚሠራው ነው። የደምበጫው ወንድማችን ከዚህ ወገን ነው።

ደምበጫ ወፍጮ፦ እግዜር ይስጥልኝ!

ባለ ታሪኩ፦ ቆይ አልጨረስኩም። ዘይትህ ግን ፓልም ነው፣ የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። ብርድ ላይ አያስቸግርህም?

ደምበጫ ወፍጮ፦ በጥር ጠዋት ጠዋት ይረጋል። እንደ ቅቤ። ጄሪካኑን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ነው የማቀልጠው። አንዳንዴ እሳት ዳር።

መምህር፦ እሳት ዳር 🙆‍♂️

አዲስ ገቢ፦ ሰዎች፣ ኢትዮጵያ የዓለምን አየር ምን ያህል በክላለች? ከ1 በመቶ በታች ነው እኮ ድርሻችን። አውሮፓና አሜሪካ፣ ቻይና በከሰል ድንጋይ ሰማዩን አጥቁረው እኛ ስለ ደምበጫ ወፍጮ እንጨነቅ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! መኪናም በ2016 ከለከሉን። ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀም አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። እኛ ገጠር ቻርጀሩን የት እንሰካው?

ሸገር ነኝ፦ ስለ ፍትሑ ልክ ብለሃል። ዝናቡ ግን ማን በከለ ብሎ አይጠይቅም። ጮቄ ተራራ ላይ ያደገ ሰው ምንጮቹ ምን እንደሆኑ ያውቃል። መኪናውም ለአየር ብቻ ተብሎ አይደለም፣ ነዳጅ የሚገዛበት ዶላር ስለሌለ ነው። መብራቱ ደግሞ ከውሃ ነው የሚመነጨው። ህዳሴውም በ2017 መጨረሻ ተመርቋል።

አዲስ ገቢ፦ ህዳሴው ተመርቆ እኛ ሰፈር ኩራዝ ነው። ለወፍጮ የሚሆን ባለ ሦስት ፌዝ መስመር አምጡና ጓደኛችን የፓስቲ ዘይቱን ዛሬ ይደፋዋል።

ደምበጫ ወፍጮ፦ እውነት ነው። መብራት አስተማማኝ ቢሆን አንድ ቀን አልሠራውም ነበር።

የፋግታው (አዊ)፦ እኛ ጋ ነዳጅ ማለት ዛፍ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲል ሰው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተከለ። ከ4 እስከ 5 ዓመት ያቆየዋል፣ ይቆርጣል፣ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስላል፣ ቀጥሎ ጤፍ ይዘራበታል። ቤት የሠራው፣ ልጅ ያስተማረው ብዙ ነው። ማንም ፖሊሲ አውጥቶ አላዘዘንም። አሁን በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ቅጠሉ እየረገፈ ነው፣ ሰው ተጨንቋል። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መንጠልጠል ችግሩ ይሄ ነው። የከሰሉ ጭስስ ስንት አየር ይበክላል ብትሉኝ መልስ የለኝም።

የቢቸናዋ፦ እስካሁን የጻፋችሁት ወንዶች ናችሁ መሰለኝ፣ ከቡሬዋ እህቴ በቀር። ስለ ሞተር፣ ስለ መኪና፣ ስለ ዶላር ብዙ አላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ከሁሉ በላይ ማገዶ የሚበላው ምንድን ነው? ምጣድ ነው! እኛ ወገን ዛፍ አልቋል። ባህር ዛፉም ይሸጣል እንጅ አይነድም። የምናነደው ኩበት ነው። እበቱን ጠፍጥፈን፣ አድርቀን፣ እንጀራ ጋግረንበት፣ ከዚያ ማዳበሪያ ልንገዛ እንሰለፋለን። ማሳው ላይ መዋል የነበረበት ነው እኮ የሚነደው። ጭሱ ዓይናችንን በላው። የአየር ንብረት የምትሉት ከጓዳ ቢጀምር ምናለ?

አወያይ፦ እዚህ ላይ ዳኝነቴን ትቼ አንድ ቃል ልጨምር፣ ቅር አይበላችሁ። መንግሥት በ2004 ያወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቶሎ ይጀመሩ ካላቸው 4 ሥራዎች አንዱ የገጠር ማብሰያ ነው። ከውሃ ኃይል፣ ከደንና ከከብት ሀብት ጎን ተጽፏል። ወሬ ላይ ግን የሚነሳው ግድብ፣ ችግኝና የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ምጣድ ሪባን አይቆረጥለትም።

መራዊ ባዮጋዝ፦ እቴ የቢቸናዋ፣ አንቺ ያልሽውን እኔ ቤት አለ። ከእበት ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ ነው፣ በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ ጊዜ ያስቆፈርነው። ከ2001 ጀምሮ በ4 ክልል 14 ሺህ ሊሠራ ታቅዶ ወደ 8 ሺህ ነበር በመጀመሪያው ዙር የተሠራው። የእኔው 6 ሜትር ኩብ ነው። በቀን 40 ኪሎ እበት ይፈልጋል፣ ያንኑ ያህል ውሃ። ቢያንስ 4 ከብት ያስፈልግሻል፣ ሌሊት በረት የሚያድሩ። ከዚያ ወደ 1.6 ሜትር ኩብ ጋዝ ይወጣል። አንድ ምድጃ ወደ 4 ሰዓት ይነዳል። ወጥ፣ ቡና፣ ሽሮ በሚገባ ይሠራል፣ ጭስ የለም። ከሥር የሚወጣው ፈሳሽ ለሽንኩርትና ለበቆሎ ከማዳበሪያ አያንስም።

የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ሚያዝያ ላይ ጉድጓዳችን ሲደርቅ ጋዙም ይጠፋል። ጎረቤቶቼ ያቆሙትም በዚህ ነው። የተሰበረ ቧንቧ ለመለወጥም ባለሙያ ከተማ ድረስ ፍለጋ ነው።

ባለ ኑጉ፦ ይሄ ነገር ግን ወፍጮ ያስነሳል?

መራዊ ባዮጋዝ፦ የእኔ አያስነሳም፣ ጋዙ አይበቃም። ብዙ ከብት ያለው ትልቅ ሰው ይሞክረው።

ሸገር ነኝ፦ ስለዚህ ምንድን ነው የምንለው? ወፍጮው ይከልከል?

መምህር፦ እኔ ይከልከል አላልኩም። ለራሱ ይሥራ። ሜታኖሉ ቁልፍ ባለው ብረት በርሜል ይቀመጥ፣ ከሰው ቤት ይራቅ፣ ቴርሞሜትር ይግዛ። መሸጥ ግን አይቻልም። ነዳጅ ያለ ፈቃድ መሸጥ በሕግም ክልክል ነው። በደንብ ያልታጠበ ነዳጅ የሰው ሞተር ቢያበላሽስ ማን ይከፍላል? ድጋፍ የሚለው ላይ፣ የመንግሥት ብር ውስን ከሆነ እኔ ለወፍጮው መስመር፣ ለእናቶች ምጣድ ነው የምሰጠው። ለኑግ ነዳጅ አንድ ብር አልሰጥም።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ደግሞ ይሽጥ ባይ ነኝ። በጥቁር ገበያ ውሃ የተቀላቀለ ናፍጣ በሃይላንድ ሲሸጥ ማን ጠየቀ? የሱ የተሻለ ነው።

የቡሬዋ ነጋዴ፦ ሌላው ጥቅሙን አላነሳችሁትም። ፓስቲ ጠባሹ ዘይቱን ለወፍጮ ቤት ከሸጠ ያንኑ እየደጋገመ አይጠብስበትም። ለልጆቻችን ሆድ ስል እኔ እደግፋለሁ። ለራሱ ብቻ ግን፣ እንደ መምህሩ።

ደምበጫ ወፍጮ፦ በርሜሉን ዛሬ እፈልጋለሁ፣ ቴርሞሜትሩን መምህር ላክልኝ፣ ሒሳቡን እከፍላለሁ። ከሥር የሚቀረውን ጥቁሩን ነገር ግን ምን ላድርገው? ሦስት ጄሪካን ሞልቶ ቁሟል።

መምህር፦ ግሊሰሪን ነው፣ ሜታኖልና ሶዳ የተቀላቀለበት። ወንዝ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ከብትም አያገኘው። ሜታኖሉ ከወጣለት በኋላ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ይሆናል፣ ግን ማውጣቱን ብቻህን አትሞክረው። ቅዳሜ ስመጣ አብረን እናየዋለን።

የቢቸናዋ፦ በጋዝ የሚሠራ የእንጀራ ምጣድስ? አለ ወይስ የለም?

መራዊ ባዮጋዝ፦ ተሞክሯል እቴ፣ አይቻለሁ። ግን ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ ጋዙን በአንድ ጊዜ ነው የሚጨርሰው። እንደ እኔ ያለ ጉድጓድ አይችለውም። እኛ አሁንም እንጀራውን በእንጨት ነው የምንጋግረው፣ "ምርጥ ምድጃ" በሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ። እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል።

የቢቸናዋ፦ ምርጥ ምድጃውን የት ነው ያሠራችሁት? ሲሚንቶው ስንት ወጣባችሁ?