ፓድል ቦርድ ለጀማሪ፦ የሚነፋው ወይስ የእንጨቱ? (ጥቆማ)

የበርበሬ ወንዝ ልጅ፦ ጀመዓ፣ ሰላም ነው? ፓድል ቦርድ መጀመር አምሮኛል፤ ያ ሰው ቆሞበት የሚቀዝፈው ሰሌዳ። ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። ያገለገለ የሚነፋ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይስ እዚሁ አናጺ ቤት ከእንጨት ላሠራ? ለመጀመሪያስ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ይሻላል ወይስ ማይባር ሐይቅ? ዋና እሞካክራለሁ።

ጦሳ ሥር፦ ከእንጨት ካሠራኸው ክዳኑንም አብረህ እዘዝ።

ወይዘሪት ደሴ፦ ሐይቅ ሂድ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዓሣውን ግን ጥብሱን እዘዝ፣ ጉላሹን ተወው። ቆሮሶ ከሆነማ ሎሚ አብዛበት።

ሰኞ ገበያ፦ የሚነፋውን አደራ እንዳትገዛ! የአጎቴ ልጅ አምጥቶ በሁለተኛው ቀን ድንጋይ በሳው። ጎሚስታ ወሰድነው፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ሰውዬው እንደ ካላማዳሪያ ሞርዶ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ በጋለ ብረት ተጫነው። ቀለጠ! መዳፍ የሚያህል ቦታ ተጨማዶ ቀረ። ገንዘባችንን ስንጠይቅ «ጎማ ብላችሁ አይደል ያመጣችሁት?» አለን።

ባለ ባጃጅ፦ የኛ ሰፈር ጎሚስታ ጋ ብትሄዱ ይሄ አይደርስባችሁም ነበር። 6 ዓመት ሙሉ የለጠፈልኝ እሱ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ፓድል ቦርድ ለጥፎ ያውቃል?

ባለ ባጃጅ፦ ኧረ አይቶም አያውቅ። ግን እጁ ወርቅ ነው።

ጣና ያደገ፦ ወንድሞቼ፣ ጎሚስታውን ለቀቅ አድርጉት። የሚነፋው ሰሌዳ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። የጎማ ማስቲሽ አይዘውም፣ እሳትማ ጨርሶ ሊነካው አይገባም። የፒቪሲ ማጣበቂያ ነው የሚፈልገው፤ ከለጠፍክ በኋላ አንድ ቀን ሳትነፋው አሳድረው። ጠያቂው፣ ያገለገለ ከገዛህ ሻጩ ፊት አስነፋው። አብዛኞቹ ወደ 15 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይይዛሉ። የሳሙና ውሃ አፍስስበት፣ አረፋ ካወጣ ጥለኸው ሂድ። በደንብ ካልተነፋ መሃሉ ይረግብና አንተን ይዞ ይወዛወዛል።

ውሃው ላይ መጀመሪያ ተንበርከክ። ስትቆም እግርህን የመሃሉን መያዣ ግራና ቀኝ አድርግ፣ ጉልበትህን ላላ አድርገው። እግርህን አትይ፣ ማዶ ያለውን ተራራ እይ። መቅዘፊያው ካንተ ቁመት 20 ሳንቲም ያህል ይብለጥ። ጠፍጣፋው ጫፍ ወደፊት ነው የሚያዘነብለው፤ ጀማሪ ሁሉ ገልብጦ ይይዘዋል፣ እኔም ይዤዋለሁ። በጠዋት ግባ፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ሐይቅ ደግሞ ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ነው፣ «እሞካክራለሁ» እዛ አይሠራም። ላይፍ ጃኬትና እግርህን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ የግድ ነው። ብትወድቅም ሰሌዳውን ጥለህ እንዳትዋኝ።

ወይዘሪት ደሴ፦ እኔን ነፋሱ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ቢወስደኝስ? ሴት አይገባም እኮ።

ጦሳ ሥር፦ ተንበርክከሽ ቅዘፊያ። ምሕረት ለመለመንም ይመቻል።

የሆጤ ነርስ፦ ስለ ቢልሃርዝያም አካባቢው ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ዳር ዳሩን፣ ሣር የበዛበት ጋ አትቁሙ።

ባለ ባጃጅ፦ ቦርከና ላይስ ለምን አይሞክርም? ቅርቡ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ቦርከናን አሽትተኸው ታውቃለህ? ደሴም ኮምቦልቻም ቆሻሻውን የሚለቅበት ወንዝ ላይ!

የበርበሬ ወንዝ ልጅ፦ አላህ ይስጥልን፣ ብዙ ተማርኩ። ባለ ባጃጁ፣ ያ ጎሚስታ የት ጋ ነው ያልከው? የሞተሬ የኋላ ጎማ ከትናንት ጀምሮ እየተነፈሰ ነው።

ባለ ባጃጅ፦ ውስጥ መስመር ና!