ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ ሴቶች ለምክር ቤት እንዲወዳደሩ የተቋቋመው ክበባችን የበጎ ፈቃድ አመራሮች ምርጫ፣ ሥራና ርክክብ (የዕቅድ ውይይት፣ ሐዋሳ)

ጸሐፊ፦
እህቶች፣ ከየክፍለ ከተማው የተወከላችሁም፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ እስከ ኅዳር 5 ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የትርጉምና የማባዛት ሥራ አለ። ረቂቁን በስድስት ነጥብ አስቀምጬዋለሁ። የማትስማሙበት ካለ የነጥቡን ቁጥር ጥሩና በምን ይተካ የሚለውን ጨምሩበት። «አይሆንም» ብቻውን ረቂቅ አያንቀሳቅስም።

1. ሥራ አስፈጻሚው 7 ሰው ይሁን፤ እያንዳንዷ ምክትል ይኑራት።
2. የሥራ ዘመን 2 ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዙር።
3. በባንክ ሒሳቡ ላይ ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ይፈርሙ።
4. አመራሮች የትራንስፖርት አበል ያግኙ።
5. ለምክር ቤት የምትወዳደር አመራር ኃላፊነቷን ትልቀቅ።
6. ርክክብ ከምርጫው በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ።

መነሻው አንድ ነው። ሥራው ሁሉ ሰብሳቢና ጸሐፊ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፤ አንዷ ስትወልድ፣ ስትዛወር ወይም ሲሰለቻት ክበቡም አብሮ ይተኛል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 አንቀጽ 35 ላይ የሴቶችን መብት ሲዘረዝር ስብሰባ የሚጠራልንን ሰው አልጻፈልንም፤ እሱ የእኛው ሥራ ነው።

የታቦር ተወካይ፦
ነጥብ 1። 7 ሲደመር 7 ምክትል 14 ነው። አባሎቻችን 60 ገደማ ናቸው፤ ከአራት አንዷ አመራር ልትሆን ነው ማለት ነው። 14 ቦታ እንሙላ ስንል ስብሰባ የማትመጣ ሴት ስም እንጽፋለን፤ ጦሱ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ላይ ይወጣል። ከ7 ሰው ከግማሽ በላይ 4 ነው፣ ከ14 ግን 8። ማክሰኞ ማታ 4 ሴት ማግኘት ይቻላል፣ 8 ማግኘት አይቻልም።

ምክትል ከውጭ አናምጣ፤ 7ቱ እርስ በርስ ይተካኩ። ሰብሳቢ ከምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ ከቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ገንዘብ ያዥ ከሒሳብ ሹም። ሰባተኛዋ የአባላት ጉዳይ ትሁን።

ኦዲት፦
መተካካቱ ጥሩ ነው፣ ሦስተኛው ጥንድ ግን አያስኬድም። ጥሬ ገንዘብ የምትይዘውና መዝገብ የምትጽፈው አንድ ሰው ከሆኑ፣ ለሁለት ሳምንትም ቢሆን፣ ቁጥጥር የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ ያዥ በአባላት ጉዳይ ትተካ። ሒሳብ ሹሟ ብትታመም መዝገቡ አንድ ወር ይጠብቃታል፤ ደረሰኙ በተራ ቁጥር እስከተቀመጠ ድረስ ከእሱ ላይ ተነሥታ ትጽፈዋለች። የማይጠብቀው የደረሰኝ አቆራረጥ ነው። ጥራዙ ባለ ሦስት ኮፒ ይሁን፦ አንዱ ለከፋይዋ፣ አንዱ ለሒሳብ ሹም፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቅር። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድ፤ ሦስቱም ቅጂ ላይ «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፎ እዚያው ይቆይ። የወርኃዊ መዋጮ ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከጠፋ ገንዘብ ሳይሆን ከተቀደደ ደረሰኝ ነው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ልጆቼ፣ ነጥብ 2ን ስትጽፉ ሰባቱም በአንድ ቀን እንዲወጡ አድርጋችሁታል። ሁለት ዓመት ሲሞላ ደብዳቤ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አይቀርም። በየዓመቱ ግማሽ በግማሽ ምረጡ። ከየጥንዱ አንዷ ስትወጣ አንዷ ትቅር፦ አንድ ዓመት ሰብሳቢ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ የአባላት ጉዳይና ሒሳብ ሹም፤ በሚቀጥለው ዓመት ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ። ለመነሻ ያህል የኋለኞቹ ሦስቱ አንድ ዓመት ብቻ ያገልግሉ፤ ያም እንደ ዙር አይቆጠርባቸው።

ኦዲት፦
እትዬ ያሉት ትክክል ነው፤ እሱ ከጸደቀ ግን ነጥብ 3 ይፈርሳል። ሦስት ፈራሚ ለሁለት ቡድን ሲካፈል የግድ በአንደኛው ዓመት ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። አንድ ብቻ ትቀራለች፤ አንድ ፊርማ ደግሞ ገንዘብ አያወጣም። አዲስ ፈራሚ ለማስገባት ባንኩ የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤና የአዲሷን ፈራሚ መታወቂያ ይፈልጋል፤ ባንኮች አሁን ፋይዳ ይጠይቃሉ። ያ እስኪያልቅ ሒሳቡ ተዘግቶ ይቆያል፣ የአዳራሽ ኪራይም በብድር ይሆናል።

ፈራሚ አራት ይሁን፦ ሰብሳቢና የአባላት ጉዳይ ከአንዱ ቡድን፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ከሌላው። ከአራቱ ሁለት ይፈርሙ፣ ከሁለቱ አንዷ የግድ ገንዘብ ያዥ ወይም ተተኪዋ ትሁን። የትኛውም ቡድን ቢወጣ ሁለት ሕጋዊ ፊርማ ይቀራል። ሠርቼ አይቼዋለሁ፣ በሁለቱም ዓመት ያስኬዳል።

የታቦር ተወካይ፦
ተቀብያለሁ።

የሐዌላ ቱላ ተወካይ፦
ነጥብ 4 ላይ ብዙ የምለው አለኝ። «አበል» የሚለው ቃል ይውጣ። አበል ከተባለ የሚመጣው ሰው አበል የለመደ ነው፤ ሲቋረጥም አብሮ ይቋረጣል። «የመንገድ መተኪያ» እንበለው። መጠኑ ደግሞ ለሁሉም እኩል መሆን የለበትም። ፒያሳ አካባቢ የምትኖረው በእግሯ ትመጣለች፤ ከቱላ የሚመጣው ሰው ሁለት ጊዜ ትራንስፖርት ይቀይራል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ባጃጁም በኮንትራት ካልሆነ አይሄድም። ሦስት እርከን ይበቃል፦ በእግር የሚመጣ ምንም፣ በአንድ ጉዞ የሚመጣ አንድ ዋጋ፣ ቀይሮ የሚመጣ እጥፍ። የብሩን ልክ ደንቡ ውስጥ አትጻፉት፤ ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ልንጠራ ነው። ሥራ አስፈጻሚው በየ6 ወሩ ይወስን ተብሎ ይለፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከዚህ ጋር፦ ለባጃጅ ደረሰኝ ስለሌለ የመፈረሚያ ቅጽ ይኑር። ቀን፣ ስም፣ መነሻ፣ ብር፣ ፊርማ። በስብሰባው ቀን ይከፈል፤ ተጠራቅሞ በወር ከተከፈለ ማን መጣ ማን ቀረ ክርክር ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ ተሳታፊ አይከፈልም፤ አቅም የለንም።

ሌላም ነገር። በውይይት መሃል አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ አይለፍ የሚል ሐሳብ በቃል ተነሥቷል። ያ በአዋጅ 1113/2011 ያለ ልክ ነው፤ አዋጁ ግን የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭዎቹን፣ እንዲሁም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያሉትን ነው። እኛ በአንድ ክልል ብቻ የምንሠራ ስለሆነ የምንመዘገበውም ሪፖርት የምናደርገውም በክልሉ ሕግ ነው። 20ውን እንደ ራሳችን ወሰን ብንወስደው ግን አይጎዳንም፤ አብሮን የሚሠራ ድርጅት ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የሐይቅ ዳር ተወካይ፦
ወደ ነጥብ 6 ልሂድ። «በ7 ቀን» የሚለው ምን ምን እንደሚረከብ ካልተዘረዘረ ባዶ ነው። ዝርዝሩ ይኸውና፦ ማኅተምና ፓዱ፣ የደረሰኝ ጥራዞች ያልተቆረጡትም ጭምር፣ የወጪና የገቢ ደብዳቤ ፋይል፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የአባላት መዝገብ፣ የአዳራሹ ቁልፍ፣ የክበቡ ሲም ካርድ፣ የቴሌግራም ግሩፑ።

ቴሌግራሙን ቀላል አታድርጉት። አድሚን ማድረግና የባለቤትነት ማስተላለፍ የተለያዩ ናቸው። ባለቤትነት ለማስተላለፍ የአሁኗ ባለቤት ስልክ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ከተከፈተ 7 ቀን ያለፈው መሆን አለበት፤ በዚያ ስልክ ከገባችም 24 ሰዓት ያለፈ። በርክክቡ ቀን ይለፍ ቃል የምታወጣ ሰብሳቢ ሳምንቱን አለፈች ማለት ነው። ስለዚህ ማረጋገጫው ከምርጫው ሁለት ሳምንት በፊት ይከፈት ተብሎ በዝግጅት ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ማኅተሙንም እንደዚያው። ማኅተም ሳይቆለፍበት ሰው ቤት አይደር። ካዝና ባይኖረንም የሚቆለፍ የቆርቆሮ ሣጥን ይበቃል፤ ሣጥኑ አንድ ቤት፣ ቁልፉ ሌላ ቤት። ማኅተሙ በወጣ ቁጥር ለየትኛው ደብዳቤ እንደሆነ የወጪ ቁጥሩ ይመዝገብ። ተቀይማ የሄደች ሰብሳቢ ማኅተም ይዛ ከቀረች ክበቡ አፍ የለውም፤ ለአዳራሽ እንኳ ደብዳቤ መጻፍ አይችልም።

ጸሐፊ፦
የአዳራሽ ነገር ከተነሣ፦ ደብዳቤው ከ10 ቀን በፊት ይግባ፣ ግልባጩ ላይ ቀን ተጽፎ «ደረሰ» ተብሎ ይፈረምልን። ግልባጭ ከሌለን በዕለቱ በሩ ተቆልፎ ብናገኘው የምናሳየው ነገር የለም። ስብሰባውን አደባባይ ላይ እናድርገው የሚል ሐሳብ ለምታመጡ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ 3/1983 መሠረት 48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል። እኛ አዳራሽ ላይ እንጽና።

የምርጫው ቀን ደግሞ፦ ታኅሣሥ 19ን እንሽሽ፣ የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ እኛም እንግዳ ተቀባይ ነን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም ቢሆን አያንቶዎች (የከዋክብት አዋቂ ሽማግሌዎች) ከዋክብት አይተው የሚያውጁት እንጂ ቋሚ ቀን የለውም፤ በዓመቱ ሰሌዳ ላይ በዚያ ወቅት ጉባኤ አንያዝ። እሑድ ከሰዓት 8 ሰዓት ይሻላል፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት እህቶቻችንም ሌላ ቀን አያገኙም።

የሐዌላ ቱላ ተወካይ፦
አጀንዳው ሦስት ይሁን፣ ከሦስት አይበልጥ። በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ስናካሂደው 40 ደቂቃ ያልነው አጀንዳ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። አምስት ከያዝን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሰው ወደ በሩ እያየ ነው የሚጸድቁት፤ ምርጫ መጨረሻ ላይ ከተደረገማ ድምፅ የሚሰጡት ቤታቸው ቅርብ የሆኑት ብቻ ናቸው። ምርጫው አንደኛ አጀንዳ ይሁን።

የታቦር ተወካይ፦
የድምፅ መስጫ ወረቀቱን አንድ ኤ4 ለአራት ቆርጠን እናዘጋጅ፤ 16 ወረቀት 64 ይወጣዋል። ጀርባው ላይ ማኅተም ይረፍበት፣ ግን በዋዜማው። በዕለቱ ከታተመ ቀለሙ ሳይደርቅ ይታጠፍና ማኅተሙ በስሞቹ ላይ ይገለበጣል፤ ቆጣሪዋም ሁለት ምልክት ናት ብላ ትጥለዋለች። የተረፈው ወረቀት ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፦ የተዘጋጀ፣ የታደለ፣ የተመለሰ፣ የተበላሸ።

የሐይቅ ዳር ተወካይ፦
ልጅ የሚይዝ ሰው ረቂቁ ውስጥ የለም። ነጥብ 7 ይጨመር። ጉባኤው ላይ 10 ወይም 12 ልጅ ይመጣል፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰፊ ሰሌን፣ ከአዳራሹ ጎን አንድ ክፍል። ልጅ ያዦቹ ተከፍሏቸው ከውጭ ይምጡ እንጂ አባል በተራ አይሁን፤ ተራዋ የደረሰች አባል ድምፅ ሳትሰጥ ትውላለች። ቡናውም ያው ነው። ጀበና ከተቀመጠ ሦስት ወጣቶች ከአቦል እስከ በረካ እዚያው ይቀራሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲቀዱ የከረሙ ልጆች ለአመራር ማን ይጠቁማቸዋል? ግማሽ ኪሎ ቡና ለ40 ሰው ይበቃል፤ አስቀድሞ ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ሁሉም ለራሱ ይቅዳ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ቡና በፔርሙዝ? እሺ ይሁን፤ ዕጣኑን ግን አትከልክሉን።

የመናኸሪያ ተወካይ፦
ነጥብ 5ን እቃወማለሁ። ክበቡ የተቋቋመው ሴቶች ለምክር ቤት እንዲወዳደሩ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ስንዱ ገብሩ በኃይለ ሥላሴ ዘመን ፓርላማ ከገባች ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ አሁንም «ልወዳደር» ያለችውን ሴት ከኃላፊነት የምናስወጣት ከሆነ የቀጣናት እኛው ነን።

ኦዲት፦
ቅጣት አይደለም። ክበቡ ከፓርቲ ገለልተኛ ነኝ ብሎ ነው የተመዘገበው። ተወዳዳሪዋ ማኅተሙንም ግሩፑንም ይዛ ከቀጠለች፣ ተወዳዳሪዎችን በምናወያይበት መድረክ ላይ ሌላዋ ዕጩ አትመጣም፤ ብትመጣም ቅሬታ ይዛ ትሄዳለች። የመራጮች ትምህርት ለመስጠት ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ስንጠይቅም ገለልተኛነታችን ነው የሚታየው።

ገንዘብ ያዥ፦
አባልነቷ አይነካ። ኃላፊነቱን ብቻ ታስረክብ።

የመናኸሪያ ተወካይ፦
እንደዚያ ከሆነ ጊዜው ይለይ። ወሬ በተሰማ ቀን ሳይሆን ዕጩነቱን በጽሑፍ በተቀበለችበት ቀን። ተተኪዋ በዚያው ቀን ትረከብ፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መመለስ ከፈለገች በቀጣዩ ምርጫ ትጠቆም። «የፓርቲ አባል የሆነች አትመረጥም» የሚል ነገር ግን በየትኛውም አንቀጽ እንዳይገባ። አባልነት የግሏ ነው፤ መጠየቅም የለብንም። የምንጠይቀው በፓርቲ ውስጥ የአመራር ቦታ አላት ወይ የሚለውን ብቻ ነው፤ ካላት ሁለቱን ወንበር አትይዝም።

ኦዲት፦
በዚህ እስማማለሁ።

የታቦር ተወካይ፦
መድረኩን ካነሣችሁ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ለምክር ቤት ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ቅስቀሳ የተከለከለ ስለሆነ መድረኩ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይደረግ። የመናገር ተራ በዕጣ፣ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ መልሱ 2 ደቂቃ። ሰዓት የምትይዘዋ ሥራ አስፈጻሚ አትሁን።

ጸሐፊ፦
ተይዟል። የተስተካከለው ነጥብ 5 እንዲህ ይነበባል፦

«በማንኛውም ደረጃ ላለ ምክር ቤት ዕጩ የሆነች የሥራ አስፈጻሚ አባል፣ ዕጩነቷን በጽሑፍ በተቀበለችበት ቀን ኃላፊነቷን ለተተኪዋ በቅጽ ታስረክባለች። አባልነቷ ይቀጥላል። በፓርቲ ውስጥ የአመራር ኃላፊነት ያላት አባል በክበቡ ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ አትመረጥም። የፓርቲ አባልነት አይጠየቅም።»

ነጥብ 1፣ 2ና 3 ታቦር፣ እትዬና ኦዲት ባሉት መልክ ተቀይረዋል። ነጥብ 4 «የመንገድ መተኪያ» ሆኗል። ነጥብ 6 ላይ የርክክቡ ዝርዝር በአባሪ ይገባል። ነጥብ 7 ልጅ ያዥና ቡና ነው። ለመጀመሪያው ጥሪ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ በ15 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ይጠራል፣ በተገኘው ሰው ይወሰናል የሚለው ከነባሩ ደንብ ስላለ አልነካሁትም።

የሲዳሙ አፎውን ትርጉም ሐዌላ ቱላ ትያዝ፤ የርክክቡን ቅጽ ሐይቅ ዳር፣ የመፈረሚያውን ገንዘብ ያዥ። ሰሌን ያላት ትጻፍልኝ።

የሐዌላ ቱላ ተወካይ፦
ትርጉሙን እስከ ኅዳር 9 አደርሳለሁ። ሰሌን ሁለት አለኝ፣ አንዱ ጫፉ የተተረተረ ነው።