ፊደሉን በዜማ ትወርደዋለች፣ ነጥላ ግን አትለየውም

እናት ከቱሉ ዲምቱ፦
ጤና ይስጥልኝ። አምስት ዓመት የሞላት ልጄ የፊደል ገበታውን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድም ሳትስት በዜማ ትወርደዋለች፤ ከተራው አውጥቼ አንዱን ብቻ ሳሳያት ግን ይጠፋባታል። ባለፈው ሳምንት ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለው ዳቦ ቤት ፊት ቆመን ከጽሑፉ ላይ «ቦ»ን ባመለክታት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ብላ ቆመችና «ባ ነው» አለችኝ። ከሥራ የምመለሰው መሽቶ ስለሆነ ከእርሷ ጋር ለመቀመጥ ያለኝ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በምን ባውለው ይሻላል?

ጡረተኛ መምህር፦
እህቴ፣ ልጅዎ ዜማውን መያዟ ከንቱ አይደለም፤ የሰባቱን ድምፆች ቅደም ተከተል አስይዟታል። የቀራት ቅርጹን ከድምፁ ማገናኘት ነው። 33ቱ ፊደላት ከነእርባታቸው 231 ስለሚሆኑ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጠየቁን ይተዉትና በ«በ» ብቻ ይጀምሩ፦ በግ፣ ቡና፣ ቢላ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርድ፣ ቦርሳ። ሰባቱን ፊደላት በካርቶን ቁራጭ ላይ ለየብቻ ጽፈው ያደባልቁ፤ እርስዎ ቃሉን ሲጠሩ እርሷ የሚጀምርበትን ፊደል ታንሳ። «ባ» ቀኝ እግሩ፣ «ቦ» ደግሞ ግራ እግሩ ረዝሞ ስለሚጻፍ ብዙ ልጆች ያምታቷቸዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን በትልቁ ጽፈው ረጅሙን እግር በጣቷ ትከተለው። «ሌ»፣ «ቤ» እና «ሴ» እግራቸው ሥር ቀለበት እንዳላቸው ግን አይንገሯት፣ ራሷ ታግኘው፤ ራሷ ያገኘችውን አትረሳውም።

አባት ከለገጣፎ፦
በመምህሩ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ፣ ስንደዶ ይዤ ነው። ገበታውን በዜማ ከዘለቅን በኋላ የተጻፈ ንባብ ፊደል በፊደል እየጠቆምን የምንጠራበት «ቁጥር» የሚባል ትምህርት ነበረ፤ በንባብ ውስጥ ፊደል በተራው ስለማይመጣ ዜማው አያድንም። የዳቦ ቤቱ ጽሑፍ ለልጅዎ ቁጥሯ ነውና በየቀኑ ሲያልፉ ያስጠሯት። ልጄን ከሁሉ ያስቸገረው ሳድስ፣ ማለትም እንደ «ብ» ያለው ስድስተኛው ፊደል፣ ነበር። «ብርድ» ሲል ሦስቱንም እያቆራረጠ ስለሚጠራ ቃሉ አይገባውም ነበር፤ አፍጥኖ ደጋግሞ ሲለው ግን ድንገት «ብርድ!» አለና ጋቢዬን ጎተተ።

እናት ከቱሉ ዲምቱ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ንስ አብሬ ላስተምራት?

ጡረተኛ መምህር፦
ለጊዜው «ሀ» ይበቃታል። በአማርኛ የሦስቱ ድምፅ አንድ ስለሆነ፣ ልዩነታቸውን ቃላት ማንበብ ስትጀምር «ሀገር»፣ «ሐምሌ» እና «ኀዘን» ከሚሉት ጋር ትለምደዋለች።