ባለጌጥ ሰሪፍ ፎንት ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ለሽቶ የሚሆን የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው። ለስለስ ያለና ክብር ያለው መልክ እንዲኖረው ስለፈለግኩ ባለጌጥ ሰሪፍ ፎንት (ፊደሎቹ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ጭረት ያላቸው) መረጥኩ። የአንዳንዱ ፊደል ጫፍ ተጠማዝዞ ጭራ ያወጣል። ወፍራሙ መስመር በጣም ወፍራም ነው፣ ቀጭኑ ደግሞ ፀጉር ያክላል። ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ልብ ይሰርቃል። ደንበኛዬ በስልኳ ከፍታ ስታየው ግን "ጽሑፉ የታለ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ርዕሱ የተቆራረጠ ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው ማብራሪያ ጭራሽ አይነበብም። "30%" የሚለውም ያስጠላል፤ 3 ቁጥር ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ 0 ደግሞ አንሳ ቀርታለች። የሠራሁት 1080 በ1080 ፒክስል ላይ ነው። ጽሑፉ ወርቅማ፣ ጀርባው ክሬም ነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ። ፎንቱን ልቀይር ወይስ አጠቃቀሙን ነው ያላወቅኩት?

ፈጣን እጅ፦ ቀይሪው። ለስክሪን ሳንስ ሰሪፍ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ጭረት የሌለው ፎንት ይሻላል፣ ጣጣም የለውም።

ፊደል ወዳድ፦ በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ለሽቶ ማስታወቂያ የፎንቱ መልክ ራሱ ግማሽ መልእክት ነው። እህቴ፣ ፎንቱን አትጣይው፣ ቦታውን ነው የሳትሽው።

የገለጽሽው ዓይነት ፊደል በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጣ ነው። ፓሪስ ውስጥ ፊርሚን ዲዶ፣ ፓርማ ውስጥ ጃምባቲስታ ቦዶኒ ናቸው ወፍራሙንና ቀጭኑን መስመር እንዲህ ያራራቁት። ለስላሳ ወረቀትና ጥሩ ማተሚያ ስለነበራቸው ቀጭኑ መስመር አልጠፋባቸውም። አንቺ ጋ ያለው ግን ፒክስል፣ ማለትም የስክሪን ነጥብ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ቀጭኑ መስመር 2 ፒክስል ነው እንበል። 1080 ፒክስሉ ስልክ ላይ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ላይ ሲያርፍ፣ ያ መስመር 0.12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንድ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው! ፖስቱ በገጽሽ ላይ ከሌሎቹ ጋር በትንሹ ተደርድሮ ሲታይ ደግሞ መስመሩ ከ1 ፒክስልም ያንሳል። ያኔ ከጀርባው ቀለም ጋር ይቀላቀላል። ርዕሱ የተቆራረጠ የመሰለሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ይህን ፎንት ለርዕስ ብቻ ተጠቀሚበት። ርዕሱን ወደ ሦስት፣ አራት ቃል አሳጥሪና አግዝፊው። ለማብራሪያው ጌጥ የሌለው፣ ረጋ ያለ ፎንት ያዢ። ብዙ የፎንት ቤተሰቦች ለትልቅ ርዕስና ለትንሽ ጽሑፍ የተለያየ ቅርጽ አላቸው። ለምሳሌ ቦዶኒ ሞዳ የቀጭኑን መስመር ውፍረት እንደ ጽሑፉ መጠን ማስተካከል ይችላል። ጭራውንም አታብዢው። በአንድ ርዕስ አንድ ፊደል ላይ ቢያርፍ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ላይ። በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከጻፍሽ ግን ጭራውን ጨርሶ ተይው፣ እርስ በርሱ ይጠላለፋል።

ቀለም ቀቢ፦ እኔን ያሳሰበኝ ቀለሙ ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለትንሽ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 የብሩህነት ልዩነት በጽሑፉና በጀርባው መካከል ይጠይቃል። ወርቅማ በክሬም ላይ አብዛኛውን ጊዜ 2 ለ1 አካባቢ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው አያነበውም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ሰውም እንደዚያው። ጽሑፉን ጥቁር ቡናማ አድርጊው። ወርቁን ለጌጡ፣ ለክፈፉ ተይው። ምስሉን ስታወጪውም በፒኤንጂ የፋይል ዓይነት አውጪው፤ ጄፔግ ሲጨመቅ በቀጫጭን መስመሮች ዙሪያ ብናኝ ይተዋል።

የቁጥር ሰው፦ ስለ 30% ልመልስ። ፎንቱ አልተበላሸም። እነዚያ በአንቀጽ መሐል ከትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ጋር እንዲስማሙ የተሠሩ የድሮ ስልት ቁጥሮች ናቸው። ፕሌይፌር ዲስፕሌይ የሚባለው ፎንትም ስትከፍቺው እንዲሁ ነው። ኢሉስትሬተር የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ካለሽ የኦፕንታይፕ ማስተካከያው (የፎንቱ ተጨማሪ ቅርጾች የሚመረጡበት) ውስጥ ገብተሽ እኩል ቁመት ያላቸውን ቁጥሮች ምረጪ። የምትሠሪበት ፕሮግራም ይህን ካልሰጠሽ ቁጥሩን ብቻ በማብራሪያው ፎንት ጻፊው። ቅናሽ ላይ ቁጥሩ ቀድሞ መታየት አለበት።

የግዕዝ ልጅ፦ አንድ ነገር ሳይነሳ ቀረ። ያ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለው ይሆናል። አብዛኞቹ ባለጌጥ ሰሪፎች የላቸውም። አማርኛ ስትጽፊበት ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ሌላ ፎንት ይተካልሻል፣ ስሙ ግን የመረጥሽው እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ራስሽ ምረጪለት። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ ስላለው ከእንግሊዝኛው ጋር ለማስማማት ይመቻል። በጣም ቀጭኑን ግን ለትንሽ ጽሑፍ አትውሰጂ። ሉ እና ሊን የሚለያቸው እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጭረት ናት፤ አንዷ መሐል፣ አንዷ ታች። እሷ ከጠፋች ቃሉ ይለወጣል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ አብዛኛው ቁመቱን ይዞ ነው የሚቆመው። በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ስጪው፣ ይተንፍስ።

ፊደል ወዳድ፦ ልክ ነህ፣ እኔ እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይ አማርኛው አመለጠኝ። ላይሰንሱንም (የአጠቃቀም ፈቃዱን) እዪ እህቴ። በነፃ ወርዶ "ለግል ጥቅም ብቻ" የሚል ፎንት ለማስታወቂያ አይሆንም። ከላይ የጠራናቸው በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ ስለሆኑ ለንግድም ይፈቀዳሉ።

ጀማሪዋ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነገራችሁኝን ሞከርኩ። ርዕሱ ከዘጠኝ ቃል ወደ ሦስት ወረደ፣ ጭራው የመጨረሻው ፊደል ላይ ብቻ ቀረ። ጽሑፉ ቡናማ ሆነ። አማርኛው በእርግጥም ሌላ ፎንት ሆኖ ነው የተገኘው! ደንበኛዬ ሳትጠየቅ ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። አሁን ደግሞ ይህንኑ በኢሜይል ላኪልኝ ትላለች። ፎንቱ እዚያም ይሠራል?

የቁጥር ሰው፦ አትተማመኚበት። ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ የኢሜይል መክፈቻዎች ከውጭ የሚመጣ ፎንት አይጭኑም። ርዕሱን ብቻ በምስል አስገቢ፣ ምስሉ ባይከፈት እንዲነበብም ሦስቱን ቃል በአማራጭ ጽሑፍነት ጻፊለት። የቀረው ተራ ጽሑፍ ይሁን። ለእንግሊዝኛው ጆርጂያ የሚባለውን ፎንት ስጪው፤ ሰሪፍ ነው፣ ከመነሻውም ለስክሪን የተሠራ ነው። ብቻ እሱም ቁጥሮቹ ይወርዳሉ፣ 30%ን ከምስሉ ጋር አድርጊው።